ሦስት ሰዓት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሊኮኒ ማዶ፣ ጀልባው ያሻግረኛል፤
በብብቴ ፌስታል፣ በፌስታሉ ሸሚዝ፤
ዘበኛው ለምዶኛል።
«ፉንዲ፣ ዛሬስ እንዴት?» «ዛሬም ቀጠሮ ነው።»
ይስቃል፤ እስቃለሁ፤
ከፍየል፣ ከብስክሌት፣ ከማንጎ ጆንያ ጋር ተጋፍቼ እቆማለሁ።

ስሜ ምዋኪዮ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከሞምባሳ ባሻገር፤
ዩኒፎርም፣ ካንዙ፣ የተተረተረ ኪስ፣ የአልጋ አጎበር፤
የሰው ትከሻ ሳይ ቁጥሩ ይመጣልኛል፤
ስሙ ግን ይጠፋኛል።

ያን ማታ፣ ሦስት ሰዓት፣
ማማ ዛይናቡ የተረፈ ማንዳዚዋን ስትቋጥር፣
እኔ የሱቄን ቆርቆሮ ሳወርድ፣
ፒክአፑ መጥቶ ቆመ ከበር።
«ውጣ!» «በምን ጥፋት?» «ጣቢያ ትጠይቃለህ።»
ጣቢያ ስጠይቅ ደግሞ፣ «እዚህ ማን ጠየቀህ?»

ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ፣ አንድ ልጅ ተጣጥፎ፤
ፊቱን ሳላይ በፊት ስፌቴን አወቅሁት፤
ኮሌታው ተገንጥሎ፣ በክር ተንጠልጥሎ፣
ባለፈው ጥር ወር ለትምህርት የሰፋሁት።
ቼንጎ ነው። የዚህን ልጅ ስም አልረሳሁትም፤
ያን ሌሊት ግን አልጠራሁትም።

መዝገቡ እንደተከደነ፣ የኋለኛው በር ተከፈተ፤ ልጁ ገባ።
እኔ ወለሉ ላይ ቀረሁ።
አምፖሉ በራ፣ ጠፋ፣ በራ።
ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማውን
እንደ መርፌ ምት ቆጠርኩ፤
አርባ ላይ ስደርስ፣ መቁጠሬን ፈራሁና ተውኩ።
ተነስቼ በሩን አልመታሁም።
ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ያን ሌሊት የሠራሁት
ዝምዝማት ብቻ ነው፤
ጠርዙን ይዤ፣ ዝም፣ ዝም፣ እስከ ጫፉ ጨረስኩት።

ሌሊቱ ተጋምሶ፣ አልፎም ዘጠኝ ሲሆን፣ አንዱ እያዛጋ መዝገቡን ከፈተ፤
«ቀበቶ አንድ። ስልክ አንድ። የልብስ ሜትር አንድ።» ሁሉን በየመስመሩ ከተተ።
የቼንጎ ግራ ጆሮ፣ ከዚያ ወዲህ የማይሰማው፣
በዝርዝሩ የለም።
«ሰዓት» ከሚለው ሥር 3 ብሎ ጻፈ፤
ገና መግባታችን ነበር፣ በሱ ቀለም።

እና በችሎቱ ጠበቃቸው ተነሳ፣ ከረባቱን ዳብሶ
(ኮቱ ስፌቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም)፤
ቃሌን አነበበ፣ ከእንግሊዝኛው መልሶ፤
«‹በሦስት ሰዓት ያዙኝ› ብለሃል?» «ብያለሁ።»
«መዝገቡም ሦስት ይላል። ታዲያ ክስህ ምኑ ላይ ነው?»
አዳራሹ ሳቀ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሌሊት
በገዛ ምላሴ ሲዋጥ ቆሜ አየሁ።

ያኔ አስተርጓሚው፣ ሽማግሌው ካዙንጉ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል ሲያመላልስ
የራሱን አንዲት ቃል ጨምሮ የማያውቅ፣
ተነሳ በዝግታ።
«ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ፤
ይህ ሰው የተናገረው በኪስዋሂሊ ነው።
ቀናችን የሚቆጠር ፀሐይ ስትወጣ፣ ሌሊታችን ስትጠልቅ ነው።
የሱ ሦስት የማታ፤ የመዝገቡ ሦስት ሊነጋጋ ሲል ነው።
ቃሉን የተረጎመው ሰው
ቁጥሩን እንጂ ሌሊቱን አልተረጎመም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ጻፈች። ብዙ ጻፈች።
ከዚያም ለማክሰኞ ቀጠረች።

ቼንጎ ኪሊፊ ነው፣ አጎቱ ዘንድ፤ ኮኮነት ይለቅማል፤
ስታናግረው ቀኝ ጎኑን ያዞርልሃል።
«መስክር» ልለው ሄጄ፣ ሻይ አስቀዳልኝ።
«ፉንዲ፣» አለኝ፣ «ስለነሱ አንተው ተናገር፤
እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ስሜን ታውቀው አልነበር?
በግድግዳው በኩል አንዴ ብትጠራኝ፣
ሰው መኖሩን አውቅ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም።
ሜትሬን አውጥቼ ትከሻውን ለካሁት። ሰፍቷል።

ሸሚዙ ማስረጃ ነው፤ «እንዳትነካው» ብለውኛል፤
ኮሌታው በአንድ ክር እንደተንጠለጠለ።
ጀልባው ላይ ቆሜ እጄን ይበላኛል፤
አምስት ደቂቃ፣ አንድ መርፌ፣ ትንሽ ነጭ ክር ይበቃኛል።

አልነካውም።
እስከ ማክሰኞ።